ካርታውን ለባልሽ ስጪው

እትዬ፤

የምጽፍልዎ ከፍራንክፈርት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ በቤተሰብ ቪዛ ከመጣ ዓመት አልፎታል። አገር ቤት የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ቀን ቀን ጀርመንኛ ይማራል፣ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። ከተጋባን ወዲህ አብረን ለሽርሽር ወጥተን አናውቅም። የሐምሌና የነሐሴን፣ የገናንም ፈቃድ ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቼ ስለሚቀድሙኝ ለእኔ የደረሰኝ የኅዳር መጨረሻ ሆነ። ላስደስተው ብዬ ሳልነግረው የስድስት ቀን የስዊዘርላንድ ጉዞ አዘጋጀሁ፦ ባዝል፣ ዙሪክ፣ ሉዘርን፣ ኢንተርላከን፣ በርን። ሆቴሉን ያዝኩ፣ ሉዘርን ላይ መርከብ ውስጥ የቺዝ ፎንዱ እራት ሳይቀር አስያዝኩ። ወጪው ሲደመር 2,300 ዩሮ ደረሰ።

ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «የእናቴ ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ እኛ ተራራ ልናይ እንሂድ? ደግሞ በነቢያት ጾም ቺዝ ልታበይኝ ነው?» አለኝ። እኔም ተናድጄ «ገንዘቡ የእኔ ነው» አልኩት። ይኸው ሁለተኛ ሳምንታችንን ያዝን፤ ከ«ደህና ዋልሽ» በቀር ቃል የለንም። ልሰርዘው? ከጓደኛዬ ጋር ልሂድ? ወይስ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱ ደውዬ እንዲመክሩልኝ ልለምናቸው?

ሰ. ነኝ፣ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ለአማትሽ አትደውዪ። ጣሪያቸው የልጃቸውን ትዳር እንዳወከ ከሰሙ ከዚያ ወዲያ የሚላክላቸው ገንዘብ ሁሉ ይጎረብጣቸዋል። ባልሽ ደግሞ እናቱ ዘንድ እንደ ተከሰሰ ነው የሚቆጥረው፤ ያ ቂም ቶሎ አይሽርም። ከጓደኛሽም ጋር አትሂጂ። እሱ ማታ ካርቶን ሲደረድር አንቺ ከሐይቅ ዳር የተነሳሽው ፎቶ ስልኩ ላይ ቢመጣ ምን እንደሚሰማው እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም።

ጉዞውን ግን አትሰርዢው። በዓመት አንዴ የተገኘች ፈቃድ ናት፤ እናንተም ለዓመታት በስልክ የኖራችሁ ባልና ሚስት ናችሁ። መሄድ ይገባችኋል። የምለምንሽ አንቺ ባወጣሽው ዕቅድ እንዳትሄዱ ነው።

አንድ ነገር አስቢልኝ። ባልሽ ፍራንክፈርት ሲደርስ ቤቱን የተከራየሽው አንቺ ነሽ። ቋንቋውን የምታውቂው፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነቢው፣ የጤና መድኅኑን የምታስጨርሺው፣ ሐኪም ዘንድ የምታስተረጉሚለት አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ በፍቅር እንዳደረግሽው አልጠራጠርም። እሱ ግን ትናንት መንገድ ይቀይስ የነበረ፣ ግሬደርና ሮለር የሚያሰማራ፣ ሠራተኛ የሚያዝ ሰው ነው። ዛሬ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ የቀረበለትን ይበላል፣ ና ሲሉት ይመጣል። በዚህ ላይ አንቺ ስጦታ ብለሽ ያቀረብሽለት ጉዞ እሱ ዘንድ የደረሰው ያለ እሱ የተወሰነ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ነው። ፎንዱዋ ነገሩን ሁሉ ታጋልጣለች፤ ዓመት ሙሉ አብሮሽ የኖረ ሰው ከኅዳር 15 ጀምሮ እንደሚጾም ታውቂያለሽ። የዘነጋሽው ስላልወደድሽው ሳይሆን አጠገብሽ ተቀምጦ «ይቺን ተያት» የሚልሽ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለ ጣሪያው ያለውን እውነት ነው፤ ሰበብ አታድርጊበት። ጣሪያ የሚያፈስባት እናት ያለው ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ አይደሰትም። መጀመሪያ ተቀመጡና ቆርቆሮውም የአናጢውም ዋጋ ስንት እንደሚያወጣ ከደብረ ብርሃን አስጠይቁ። ከ2,300 ዩሮው የተወሰነውን ቀንሳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ላኩላቸው። ደግሞ በሁለታችሁ ስም ይሁን፤ ደውሎ የሚነግራቸውም እሱ ይሁን።

ታዲያ ጉዞው ከየት ይቀነሳል? ከከተሞቹ። እኔ ያንቺን ዝርዝር ሳየው ደከመኝ። በኅዳር መጨረሻ እዚያ አገር ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ ደግሞ ትጠልቃለች። በስድስት ቀን አምስት ከተማ ማለት ያቺን አጭር ብርሃን ሻንጣ በመጎተትና ሆቴል በመፈለግ መጨረስ ነው። ባዝልንና ዙሪክን ተያቸው፤ ከፍራንክፈርት ባዝል በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ሌላ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ። ሁለት ሌሊት ሉዘርን፣ ሦስት ሌሊት ኢንተርላከን እደሩ። በርንን በመመለሻችሁ ቀን ሻንጣችሁን ጣቢያው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ እዩት። የአሮጌው ከተማ የእግረኛ መንገድ ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በቅስት የተሸፈነ ስለሆነ ዝናብም በረዶም ቢጥል አትረጥቡም።

ሉዘርን ውስጥ ብዙ አትሩጡ። ከእንጨት የተሠራውን የካፔል ድልድይ ተሻገሩ፤ ዕድሜው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል፣ እ.ኤ.አ. በ1993 አብዛኛው ተቃጥሎ በዓመቱ መልሰው ሠርተውታል። ባልሽ የመሐንዲስ ዓይን ስላለው አዲሱን እንጨት ከአሮጌው ለይቶ ያሳይሽ ይሆናል። አብረሽው ቁሚና አዳምጪው።

ከሉዘርን ኢንተርላከን የምትሄዱበት ባቡርም ራሱ አንድ ጉብኝት ነው። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከሐይቅ ሐይቅ እያለፈ የብሩኒግን በር፣ ከባሕር ወለል 1,008 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን፣ ይሻገራል። ዳገቱ ሲበረታ ከሥሩ ያለው ጥርሳም መንኮራኩር በሐዲዱ መሐል የተዘረጋውን ጥርስ እየነከሰ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እግራችሁ ሥር ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢንተርላከን ከደረሳችሁ በኋላ ያለውን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ልቀቂለት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መስመሩን፣ ምሳውን ሁሉ። ይህን የምልሽ ልቡን ለማባበል ብቻ ብዬ አይደለም፤ ቦታው በእርግጥ የእሱ ሙያ ነው። ከዚያ አካባቢ ዩንግፍራውዮህ ወደሚባለው ከፍታ የሚወጣው ባቡር 3,454 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ ከአውሮፓ የባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ጣቢያ ድረስ ይሄዳል። አዶልፍ ጉየር ሴለር የሚባል ባለ ፋብሪካ አስቦት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1896 ተጀመረ፤ እሱ ራሱ በ1899 ሞተ፣ ሐዲዱ ጫፍ የደረሰው በ1912 ነው። ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚያልፈው መስመር ውስጥ ሰባቱ ኪሎ ሜትር ያህል በአይገርና በሞንሽ ተራሮች ሆድ ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። አብዛኞቹ ቆፋሪዎች ከጣሊያን የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡበትም አሉ። የፈነዳውን ድንጋይ የት ያደርሱት እንደነበር ባልሽን ጠይቂው፤ በተራራው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ወደ ገደሉ ይደፉት ነበር። የዛሬዎቹ ባቡሮች ሲወርዱ ፍሬናቸው ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ መስመሩ ይመልሳል። መንገድ ሠርቶ ያደረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት «ድንጋይ ልናይ ነው ወይ» አይልም። የሚለው ብዙ ነገር ይኖረዋል፤ ምናልባት ፍራንክፈርት ከመጣ ወዲህ ስለ ሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ እያወራ ያመሻል።

የዚያን ባቡር ትኬት ግን አስቀድማችሁ አትቁረጡ። በዚህ ወቅት ቆላው ከተማ በጭጋግ ተሸፍኖ ሳምንት ሊከርም ይችላል፤ ከጭጋጉ በላይ ያለው ተራራ ግን ጠራራ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። በየተራራው የተተከሉ ካሜራዎች በስልክ በቀጥታ ይታያሉ። ጠዋት ተነሥቶ አይቶ «ዛሬ እንወጣለን» ወይም «ዛሬ አንወጣም» የሚለው እሱ ይሁን፤ ውሳኔውንም ሳትከራከሪ ተቀበዪው። ለዚህ ነው ኢንተርላከን ሦስት ሌሊት ያልኩሽ። በሙሉ ዋጋ ለአንድ ሰው 200 ፍራንክ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ለጎብኚዎች የሚሸጠውን የአንድ ወር የግማሽ ዋጋ ካርድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በባቡሩም በመርከቡም ስለሚያገለግል ወጪውን ይመልሳል። ኅዳር ላይ ብዙ የገመድ መንገዶች ለጥገና ስለሚዘጉ ሌላ ተራራ ካሰባችሁ መክፈቻ ቀኑን አረጋግጡ።

ከፍታውንም አትናቁ። ባልሽ «እኔ የደጋ አየር የለመድኩ ነኝ» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ለምዶት ነበር፤ ነገር ግን ሰውነት ቆላ ሲከርም የደጋውን አየር ይረሳል፣ ፍራንክፈርት ደግሞ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍታዋ። ዩንግፍራውዮህ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ደረጃ ስትወጡ ቀስ በሉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካልተዋችሁ ቶሎ ውረዱ። ንፋሱ ከዜሮ በታች 10 እና 15 ዲግሪ ላይ ስለሚገርፍ ጓንት፣ የማይንሸራተት ጫማና የፀሐይ መነጽር ያዙ። የአሌችን የበረዶ ግግር ከላይ ስታዩት፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ሲያንጸባርቅ፣ ያለ መነጽር ዓይን አይችለውም።

እዚህ ላይ ጾሙ ይመጣል። ቺዙ ትንሹ ችግር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ከሆነ ግን በዚያ ከፍታ ባዶ ሆድና የደረቀ ጉሮሮ ይዞ መውጣት አደጋ አለው። ከመሄዳችሁ በፊት ለንስሐ አባቱ ይደውል፤ ለመንገደኛ ምን እንደሚፈቀድ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው፤ አንቺ ግን አንዲት ቃል አትተንፍሺበት። የፎንዱውን እራት ሰርዢ፤ አስይዘሽው ገንዘቡ ባይመለስም ሰርዢ። የኢንተርላከኑን ሆቴል ማእድ ቤት ወዳለው ማረፊያ ቀይሩትና ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። ለመንገድ ቆሎና በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ በቂ ነው። በየአደባባዩ ትልቅ የብረት ምድጃ ላይ ማሮኒ የሚባለውን ፍሬ እየጠበሱ በወረቀት ከረጢት ይሸጣሉ፤ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው፣ ትኩሱን ስትይዙት የእጃችሁንም ብርድ ያስታግሳል።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ስላለች በጀርመን መኖሪያ ፈቃዳችሁ ትገባላችሁ፤ ካርዱንም ፓስፖርቱንም ሁለታችሁም ያዙ። ስልካችሁ ግን በጀርመን ዋጋ ላይሠራ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ውላችሁን ተመልከቱ።

የቀረው «ገንዘቡ የእኔ ነው» ያልሽው ቃል ነው። ለዚህ ይቅርታ ሳትጠይቂ ስለ ባቡርም ስለ ተራራም ብታወሪለት አይሰማሽም። የሆቴሎቹን የመሰረዣ ቀነ ገደብ ዛሬ ተመልከቺ። ማታ ሥራ የማይገባበትን ቀን ጠብቂና ቡና አፍዪ፣ ስልኩን አርቂ። በመጀመሪያ «ያ ቃል ጥፋቴ ነው» በይው፤ ከዚያ ስለ ጣሪያው ጠይቂው። እነዚህ ሁለቱ ካለቁ በኋላ ብቻ የያዝሽውን ቦታ ሁሉ ፊቱ ዘርግተሽ «የትኛውን እናስቀር?» በይው። ሙሉውን «ይቅር» ካለ ደግሞ አትቆጪ። ለመሰረዝ ጊዜ እያለ እንድትነጋገሩ የምወተውትሽ ለዚህ ነው፤ ፈቃድሽንም ቤታችሁ ሆናችሁ አብራችሁ ታሳልፉታላችሁ።