ስለ ሩጫ ጉዳትና በትዕግሥት ስለ ማገገም



ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ2001 ወዲህ፣ የውድድሩ ቀን በተቃረበ ቁጥር የየቁምስናው ወጣቶች በማለዳ ተነሥተው በየጎዳናውና በየሜዳው ሲሮጡ ማየት የተለመደ ሆኗል። መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ለወራት ከወንበር ሳይነሣ የቆየ ወጣት በሦስት ሳምንት ዝግጅት አሥር ኪሎ ሜትር ልሩጥ ሲል ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ እያነከሱ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሲገቡ እናያቸዋለን። ምን እንደሚያደርጉ የሚጠይቁትም ሐኪምን ሳይሆን በቅርብ ያገኙትን ሰው፣ ይኸውም መምህራቸውን ወይም የወጣቶች ማኅበር ኃላፊውን ነው። በዚህ እትም ስለ ሩጫ ጉዳትና ስለ ማገገም ጥቂት ማስረዳት የፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «ሕመሙን ናቀው፤ ሲሞቅ ይለቅሃል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ተኛ፤ እስኪድን ድረስ እግርህን እንዳታንቀሳቅስ» ይላል። የመጀመሪያው ድፍረትን ከጽናት ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ መታገሥን ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ጋር ያምታታል። የተጎዳ የሰውነት ክፍል የሚድነው በራሱ የጊዜ ልክ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ሊሠራለት የሚገባ ሥራ አለ።

አንድ ሯጭ፣ ሁለት ጉዳት

ለዚህ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁላችንም የምናውቀው በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1964 የቶኪዮ ማራቶን ሊካሄድ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቁስሉ ከደረቀ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቶኪዮ ሄደ፤ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦም በዓለም ከዚያ በፊት ባልተመዘገበ ፍጥነት አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንዲያውም ውድድሩን እንደ ጨረሰ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ በመገረም አየው።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት «ቆራጥ ሰውን ሕመም አያቆመውም» የሚል ነው። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ አበበ ለሦስተኛ ድል ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሲሄድ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እግሩን ያመው ጀመር። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭን አጥንት ተሰንጥቆ አገኙት። ቢሆንም ተሰለፈ። የመንገዱን እኩሌታ ሳያደርስ ግን አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ፤ ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር።

የአበበ ቆራጥነት በአራቱ ዓመታት ውስጥ አልቀነሰም። የተለየው የተጎዳው አካል ነው። በቶኪዮ የተሰፋው ሥጋ ለመግጠም ሳምንታት አግኝቶ ነበር፤ በየእርምጃውም የሰውነትን ክብደት የሚሸከም አካል አልነበረም። የሚሮጥ ሰው እግር ግን መሬት በረገጠ ቁጥር ከራሱ ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሆነ ኃይል ያርፍበታል። የተሰነጠቀ አጥንት ይህን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲቀበል የባለቤቱ ፈቃድ ሊያድነው አይችልም። በነገራችን ላይ፣ የቶኪዮውን ታሪክ ለወጣቶች የምንተርክ ሁሉ የሜክሲኮውንም አብረን ብንነግራቸው ይበጃል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያውን ብቻ ስናገር ኖሬአለሁ።

አጥንትና ጅማት እንዴት ይድናሉ?

አጥንት እንደ ድንጋይ ያለ ሙት ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አጥንት ግን ዘወትር ራሱን የሚያድስ ሕያው አካል ነው። ልምምድ በድንገት ሲበዛበት ሰውነት አስቀድሞ የደከመውን ክፍል ያነሣል፤ ቀጥሎም በቦታው አዲስ ይተካል። ማንሣቱ በጥቂት ሳምንታት ይጠናቀቃል፤ መተካቱና መጠንከሩ ግን ወራት ይፈጃል። ስለሆነም ሩጫ ከጀመረ አንድ ወር ገደማ የሆነው ሰው ትንፋሹ ተሻሽሎ፣ ጡንቻው በርትቶ፣ አጥንቱ ግን ከቀድሞው ደክሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የቤቱን ምሰሶ የሚለውጥ ሰው አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ሳያቆም ጣራው ላይ አይወጣም፤ ሯጩ ግን ሳያውቀው ይህንኑ ያደርጋል።

ስንጥቅ መኖሩን የሚያስጠረጥር ምልክት አለ። በቅልጥም ወይም በመርገጫ አጥንት ላይ በአንድ ጣት ጫፍ ሊጠቆም የሚችል ሕመም፣ በሩጫ ጊዜ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር፣ አንዳንዴም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ሩጫውን በዚያው ቀን ማቆም ይገባል። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተባልኩ» ማለት በቂ አይደለም። የቅልጥም ስንጥቅ በአመዛኙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሩጫ መታቀብን ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግም አለ። ሕመሙ በብሽሽት በኩል ከሆነ ግን ጉዳዩ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ እንደሆነ ፈጽሞ ሊሰበር ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጅማት ከአጥንት ይለያል። የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ አዳኙ ሥራ በዝግታ ይሄዳል። ደግሞም ያታልላል። የተረከዝ ጅማቱ የታመመ ሰው ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ እንደ ሽማግሌ ያነክሳል፤ ጥቂት ሲሮጥ ሕመሙ ይለቀዋል፤ ደስ ብሎት ርቀቱን ይጨምራል፤ በማግሥቱ ግን ብሶበት ይነሣል። «ሲሞቅ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት የሆነው ስለዚህ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከ2000 የሲድኒ ድሉ በኋላ በዚሁ ጅማት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ በ2001 ሲመለስ በኤድመንተን በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በብሪስቶል የዓለም የግማሽ ማራቶን አሸናፊ ሆነ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናትና ስለ ወጌሻ

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል የሚደረገውን ብዙዎች ያውቁታል፤ ማረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ ማድረግ። ይህን ምክር በ1978 ያስፋፉት ጌብ ሚርኪን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ራሳቸው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶና ፍጹም ዕረፍት ማገገሙን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። በረዶ ለሕመም ማስታገሻ ያህል ለጥቂት ደቂቃ ቢያዝ ክፋት የለውም። ዋናው ነገር ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሕመሙ በፈቀደው መጠን፣ እግሩን በቀስታ ማንቀሳቀስ መጀመር ነው። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያመው ሰው ግን ስብራት እንደሌለበት በራጅ መረጋገጥ አለበት።

በዚህ ጊዜ ዘመድ አዝማድ የሚያስበው ወጌሻን ነው። የወጌሻን እጅ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በሴሚናሪ ሳለን በኳስ ጨዋታ የወለቀ ጣቴን የመለሱልኝ ጥርስ የሌላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት በማሸት አይድንም፤ ይባስ ይጎዳል። ከሁሉም የከፋው በስንጥርና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ነው። የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ተፈትቶ በሽተኛው ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በዚህ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው።

የትዕግሥት ሥራ

ሆካን አልፍሬድሰን የተባሉ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም የተረከዝ ጅማታቸውን ክፉኛ ይታመሙ ነበር። ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ አለቃቸው ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ፈቃደኛ ስላልሆኑ «ጅማቱ ከተበጠሰ የግድ ይሠሩልኛል» ብለው የታመመውን እግር ሆን ብለው በከባድ ልምምድ ያስጨንቁት ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። ከዚህ በመነሣት በ1998 ባሳተሙት ጥናት 15 ሕመምተኛ ሯጮች ለ12 ሳምንታት ልምምዱን ሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ የደረጃ ጠርዝ ይበቃዋል። ሰውየው በታመመው እግር ጣቶች በጠርዙ ላይ ቆሞ ተረከዙን በዝግታ ከደረጃው በታች ያወርዳል፤ ለመነሣት ግን በጤነኛው እግር ይጠቀማል። ይህን 15 ጊዜ እየደጋገመ ሦስት ዙር ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ሦስት ዙር ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጠዋትና ማታ ይሠራል። ሲደመር በቀን 180 ጊዜ ነው። ልምምዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሳመሙ አይቀርም፤ ብዙዎችም በሦስተኛው ሳምንት «አልጠቀመኝም» ብለው የሚተዉት ስለዚህ ነው። ይህ ለጅማት የተባለ መሆኑን አደራ እላለሁ፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው አይታዘዝም።

ወደ ሩጫ መመለስን በሚመለከት ሰላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ ያለ ሕመም መራመድ ያልቻለ ሰው መሮጥ የለበትም። ሲችል፣ አንድ ደቂቃ በቀስታ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ፣ ቀን እየዘለለ ይጀምር። ፈራጁ የማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ሕመሙ ወይም መገተሩ ከትናንቱ ጠዋት ካልባሰ ጥቂት መጨመር ይቻላል፤ ከባሰ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሜዳውም ይታሰብበት። ታላላቅ ሯጮቻችን በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ለስላሳውን አፈር እየመረጡ፣ በተርታ ተከታትለው፣ አንዳንድ ቀን ሆን ብለው በዝግታ ሲጠማዘዙ ይታያሉ፤ የእኛ ወጣት ግን በየቀኑ በአስፋልት ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል።

ምግብንም በሚመለከት አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። አጥንት ያለ ቂ ምግብ አይጠገንም። በተለይ ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጃገረድ የወር አበባዋ ከተቋረጠ፣ ይህ አጥንቷ እየሳሳ ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ እናቶችና ሴት መምህራን ይህን ያለ ኀፍረት ሊጠይቋት ይገባል። በጾም ወራት የተጎዳ ሰውም ከቁምስናው ካህን ጋር ይነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም።

ሯጭ ያለ ሩጫ

ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ሯጭ ሲጎዳ ጓደኞቹ በማለዳ ያለ እርሱ ይሄዳሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘች ማግሥት፣ ስሟ በዓለም ሁሉ በገነነበት ወቅት፣ በጉልበት ጉዳት ምክንያት 1993ንና 1994ን ከውድድር ርቃ አሳለፈች። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለች ወጣት ሁለት ዓመት ረጅም ነው። በ1995 በእንግሊዝ አገር በደርሃም በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ስትመለስ በአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አሳልፋ፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ደርሳ አሸነፈች። በ1996 በአትላንታ እንደገና ጉዳት ይዟት አራተኛ ሆነች። ከዚያም ልጅ ወለደች፤ በ2000 በሲድኒ ዳግመኛ ወርቅ አገኘች። በ37 ዓመቷ፣ በ2009፣ የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ ከባርሴሎና 17 ዓመት አልፎ ነበር።

ሁሉም ደራርቱ አይሆንም፤ ለሁሉም የሚከፈለው ዋጋም እኩል አይደለም። በእኔ ቁምስና በአንድ ክለብ የሚሮጥና እናቱን የሚጦር ወጣት ነበረ። ቅልጥሙ ተሰንጥቆ ሐኪም ስምንት ሳምንት እንዲያርፍ አዘዘው። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋለትና «አባ፣ እሑድ ውድድር አለ፤ ካልሮጥኩ ከክለቡ እቀነሳለሁ፤ ይባርኩኝ» ብሎ መጣ። «አንተን እባርካለሁ፤ ውድድሩን ግን አልባርከውም» አልሁት። አኩርፎኝ ሄደ። አልሮጠም፤ እንደ ፈራውም ከክለቡ ተቀነሰ። ያን ጊዜ የመከርሁት ምክር ምን ያህል እንዳስከፈለው ስላወቅሁ ለብዙ ቀናት እንቅልፍ አላገኘሁም። ከማኅበሩ አባላት ጋር ተመካክረን ለእናቱ የሁለት ወር ቀለብ አዋጣን፤ እርሱም ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርተ ክርስቶስ ሕፃናትን ሩጫ በፊሽካና በሰዓት እንዲመራ ለመንነው። እንደዚህ ያለውን ነገር ሳናሰናዳ ለድሃ ልጅ «ታገሥ» ማለት ቀላል እንደሆነ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ባለው ሣር ላይ መሮጥ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ሮጠ፤ ሁለት ደቂቃ ተራመደ፤ እንደገና አንድ ደቂቃ ሮጠ። ፊሽካ ሲነፋላቸው የነበሩት ሕፃናት እየሳቁ ቀድመውት አለፉ።