ስለ ውርርድ፤ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ይገባልን?

በቡና ለቀማ ወራት በኮንጋ አንድ ወጣት ወደ እኔ መጣ። አባቱ የእሸት ቡናቸውን ዋጋ ተቀብሎ እንዲመለስ ወደ ይርጋ ጨፌ ልከውት ነበር። እርሱ ግን የገንዘቡን እኩሌታ በአንድ ምሽት በኳስ ውርርድ አስይዞ ተበላ። በገሠጽሁትም ጊዜ፥ «መምህር፥ ቤቱ ፈቃድ አለው፤ ግብርም ይከፍላል። መንግሥት የፈቀደውን እርስዎ ስለ ምን ይነቅፋሉ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለምና በችኮላ አልመለስሁለትም። ይህን ትምህርት የጻፍሁት ለእርሱና እርሱን ለመሰሉት ሁሉ ነው።

አንደኛ፤ ፈቃድ ማለት ምንድን ነው?

በአገራችን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 እንደ ገና ሲቋቋም፥ ቶምቦላም ቢንጎም የስፖርት ውርርድም በሎተሪ ሥራ ስም ተጠቃለሉ፤ ያለ ፈቃድም እንዳይካሄዱ ተደነገገ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ፥ በዕድል ጨዋታ ከ1,000 ብር በላይ ያገኘ ሰው ከመቶ 15 ግብር እንዲከፍል አዘዘ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ብዙ የውርርድ ቤቶችን አሸገ።

እንግዲህ አስተውል። ፈቃድ፥ ሥራውን ማን በምን ሥርዓት እንደሚያካሂደው ይወስናል እንጂ፥ ሥራው መልካም ነውና ግቡበት አይልም። መንግሥት ለመጠጥ ቤትም ፈቃድ ይሰጣል፤ ስካርን ግን አላመሰገነም። ሕግ አጥር ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ያለውን መንገድ ሁሉ መሄድ ግን ግዴታህ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ዕድል ነው ወይስ ዕውቀት?

«እኔ ዕጣ አልጣልሁም፤ ኳስ አውቃለሁ» የሚል ብዙ ነው። ይልቁንም ፋንታሲ የሚባለው ጨዋታ እንዲህ ያሰኛል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ሰው 100 ሚሊዮን የሐሳብ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በዚያም 15 ኳስ ተጫዋቾችን መርጦ ቡድን ያቆማል፤ እነርሱም በእውነተኛው ሜዳ በሠሩት መጠን ነጥብ ያገኛል። ይህ በነጻ የሚገባበት ጨዋታ ነውና ጓደኛሞች ለመዝናናት ቢጫወቱት ነውር አላይበትም። ነገር ግን ገንዘብ ተዋጥቶ አንዱ የሁሉን ሲወስድ ነገሩ ይለወጣል።

በዚህ ጉዳይ ሌሎች አገሮችም ብዙ ተከራክረዋል። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም.፥ ድራፍትኪንግስና ፋንዱኤል የተባሉት ኩባንያዎች ሥራ ቁማር ነው ሲል እንዲያቆሙ አዘዛቸው። በ2016 ዓ.ም. የግዛቱ ምክር ቤት ነገሩን የዕውቀት ውድድር ብሎ ፈቀደው፤ በ2022 ዓ.ም. ከፍተኛው የግዛቱ ፍርድ ቤት ይህን ሕግ አጸናው። ሕንድ ግን በ2025 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፥ ዕውቀትም ይሁን ዕድል ሳትለይ፥ ገንዘብ የሚያዝበትን የኢንተርኔት ጨዋታ ሁሉ ከለከለች። ሕግ ዐዋቂዎች እንዲህ ከተለያዩ፥ በዚህ ክርክር ብቻ ሕሊናህን ልታሳርፍ አትችልም። ዐዋቂው የማያውቀውን ወንድሙን ገንዘብ ቢወስድ፥ ዕውቀቱ አያጸድቀውምና።

ሦስተኛ፤ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ይህን በሒሳብ እንመልከት። አንድ ጨዋታ እኩል የሆኑ ሁለት ፍጻሜዎች ብቻ አሉት፥ ቤቱም ላሸነፈው ሰው ያስያዘውን በ1.8 አባዝቶ ይከፍላል እንበል። ሁለት ሰዎች አንዱ በአንዱ፥ ሌላው በሌላው ፍጻሜ 100 ብር ቢያስይዙ፥ ቤቱ 200 ብር ተቀብሎ 180 ይከፍላል፤ 20 ብር ለራሱ ያስቀራል። ይህ ከመቶ 10 ነው።

ወጣቶቻችን ግን ዋጋው እንዲበዛላቸው በአንድ ትኬት ላይ ዐሥር ጨዋታ ይደራርባሉ። 1.8 ዐሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 357 ያህል ይሆናልና 10 ብር ያስያዘ 3,570 ብር ተስፋ ያደርጋል። ነገር ግን ዐሥሩ ጨዋታዎች የሚፈጸሙባቸው መንገዶች 1,024 ናቸው። 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው ልዩ ልዩ መንገድ መርጠው 10 ብር ቢያስይዙ፥ ቤቱ 10,240 ብር ይሰበስባል፤ ለአንዱ 3,570 ሰጥቶ 6,670 ብር ያስቀራል። የዚያ የአንዱ ሰው ወሬ በከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን 1,023 ሰዎች ግን የሚያነሣቸው የለም።

አራተኛ፤ ሕሊና ምን ይፈርዳል?

ቡና የሸጠ ገንዘብ ይዞ፥ የገዛም ቡና ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ተጠቅመዋል። በውርርድ ግን አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚወራረድ ሰው፥ ባይታወቀውም እንኳ፥ የባልንጀራውን ጉዳት ይመኛል። ጭፍሮች በመስቀሉ ሥር በጌታችን ልብስ ዕጣ መጣጣላቸውን አስብ። የተገፈፈው ሰው ከበላያቸው ሳለ እነርሱ ዕጣውን ይመለከቱ ነበር። አንተም ትኬትህን ስትይዝ፥ ያሸነፍኸው ልብስ የማን እንደ ሆነ ጠይቅ።

ያ ወጣት ይህን ሒሳብ ከእኔ ጋር በወረቀት ላይ ሠራ። በማግሥቱም ወደ አባቱ ሄደን እርሱ ራሱ እውነቱን ነገራቸው። አባቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም፥ «ያን ቡና እናትህም ለቅማለች፤ ለእርሷ ደግሞ ንገራት» አሉት። ከመንግሥት ፈቃድ ጋር ሲከራከር ያላፈረው ልጅ በዚህ ጊዜ አለቀሰ። አሁን በሰው ማሳ ቡና እየለቀመ ዕዳውን ጥቂት በጥቂት ይመልሳል።

ወንድሜ ሆይ፥ የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይቈያል፤ ያን ፍሬ ግን ማንም ሳያዝን ትበላዋለህ። ያስያዝኸው ገንዘብ የማን ላብ እንደ ሆነ ለእናትህ በግልጽ ልትነግራት የማትደፍር ከሆነ፥ ሕጉ ቢፈቅድልህም ተወው።

ለማሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

፩. በፈቃድና በምስጋና መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

፪. ትኬቱ ላይ ጨዋታ ሲደራረብ የቤቱ ድርሻ ስለ ምን ይበዛል?

፫. ባለፈው ወር ለማን መናገር ያፈርህበት ገንዘብ አለን?