የቮልስ ፍሬን፦ ከታምቡር ወደ ዲስክ

በዚህ ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ፍሬን ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። «ለአስተማሪ የመኪና ፍሬን ምኑ ነው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ ፍትጊያ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ፈሳሽ ግፊት ለማስተማር ሦስቱንም ባንድ ላይ የያዘ፣ ከፍሬን የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ደግሞስ ከሸነን አምቦ፣ ከአምቦ ወንጪ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ነፍሱን ለፍሬን አደራ ሰጥቶ አይደለም እንዴ የሚሳፈረው?

ነገሩን ያነሣሁት በአጎቴ ቮልስ ምክንያት ነው። ቮልስ ስል ያቺን ጀርባዋ ጎበጥ ያለውን፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነውን ቮልስዋገን ማለቴ ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። በአገራችንም ታሪክ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ስትሄድ ትታያለች። ታዲያ የአብዛኞቹ አራቱም እግር የታምቡር ፍሬን ነው።

አጎቴ ለሌላ ጉዳይ መኪናቸውን አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ይዘው በሄዱ ጊዜ ሠራተኛው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ታምቡር እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው። የፊቱን ዲስክ እናድርግልዎት፤ እንደ አዲስ መኪና ቀጥ ይልልዎታል» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ስንመለስ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሆለታን እንዳለፍን መኪናዋ እየከበደች፣ የሆነ ነገር የሚጎትታት እየመሰለች ሄደች፤ የሚቃጠል ነገርም ሸተተን። ወርደን ብናይ የፊቱ ቸርኬ በእጅ አይነካም። ፍሬን የረገጠ ሰው ግን አልነበረም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለቱ ፍሬኖች እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ያስፈልጋል።

የታምቡር ፍሬን እንደ ስሙ ከበሮ ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት አለ፤ በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ፣ የፍሬን ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ብረቶች ተቀምጠዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደሩ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ይገፋል፤ ዘይቱም ሸራዎቹን ወደ ውጭ ከፍቶ ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ያፋትጋቸዋል። እግር ሲነሣ ሞላው ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ዲስክ ግን ገላጣ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዝርግ ብረት ካሊፐር የሚባለው ክፍል በሁለት ፓድ ግራና ቀኝ ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ የብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን እንደሚይዘው ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ስሙ የገነነው ግን ዘግይቶ፣ በ1953 የጃጓር መኪና በዲስክ ፍሬን የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ፍሬን እንቅስቃሴን አያጠፋውም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። እስቲ እናስላው። የወንጪ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አምቦ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ናት። ልዩነቱን 900 ሜትር እንበለው። ሰው የጫነች ቮልስ 1,000 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ 1,000 በ9.8 በ900 ሲባዛ 8,820,000 ጁል ይመጣል። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 336,000 ጁል ያህል ይበቃል። ስለዚህ ያ ቁልቁለት 26 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ፣ የሚያፈላ ሙቀት አለው! ከፊሉን ነፋስና ሞተር ይሸከሙታል፤ ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ከወረደ ግን ከነፋሱ የተረፈው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ነው የሚወድቀው። የአባይ በረሃንማ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

ታምቡር በዚህ ሙቀት ይጎዳል። ሸራው የሚፋተገው በተዘጋ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ መውጫ የለውም። ከዚህም ሌላ ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ታምቡሩ በሰፋ ቁጥር ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም እየወረደ ይሄዳል። ዲስክ ሲግል ግን የሚወፍረው ወደ ፓዱ ነው፤ ነፋስም ያገኘዋል። የክረምት ውኃም ታምቡር ውስጥ ከገባ ለጊዜው ይቀመጣል፤ ዲስክ እየተሽከረከረ ይረጨዋል። በዚህ በዚህ ዲስክ የተሻለ መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ ታምቡር ደካማ ነው ማለት አይደለም። የሚዞረው ታምቡር ከሁለቱ ሸራዎች አንደኛውን ይዞ ስለሚጎትተው፣ በር ሥር እንደሚገባ ሽብልቅ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፤ የሹፌሩ ጉልበት ይታገዛል። ዲስክ ይህ እገዛ የለውም፤ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ከባድ መኪና ወደ ዲስክ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የፍሬን ማገዣ የሚጨመርለት ለዚህ ነው። ቮልስ ቀላል ስለሆነች ያለሱ ትሠራለች። በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ባንድ ርግጫ መኪናውን ከማቆም አያንስም፤ የሚያንሰው ደጋግሞ ሲረገጥ ነው። ጋራዡ ለአጎቴ ይህንን አልነገራቸውም።

ያልነገራቸው ሌላም ነገር አለ። ለታምቡር የተሠራ ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም በቱቦው ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ታምቡሩ ጠንካራ ሞላ ስላለው ያ ግፊት አይጎዳውም። ዲስክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለም! የቀረችው ትንሽ ግፊት ፓዱን ከዲስኩ ጋር አጣብቃ ትይዘዋለች። የእኛም ችግር ይኸው ነበር፤ ዲስኩን አስገብተው አሮጌውን ማስተር ትተውት ኖሯል። መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ቆመን፣ ጥቂት እየሄድን፣ እንደገና እየቆምን መሽቶ አምቦ ደረስን። እዚያ አንድ መካኒክ ቱቦውን ገና ሲያላላው ዘይቱ ፊጭ አለ፤ «ማስተሩ ነው» አለ ወዲያው። ለዲስክ የተሠራው ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ሳምንት ጠበቅን። ለኋላው ታምቡር ደግሞ ያ ትንሽ ግፊት ስለሚያስፈልግ በእሱ መስመር ላይ ቫልቩ ለብቻው ገባለት።

ስለዚህ የሚያስለውጥ ሰው አስቀድሞ ጠይቆ ይወቅ። የካሊፐሩ ፒስተን ወፍራም ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ማስተሩ ከእሱ ጋር መመጣጠን አለበት። የድሮዋ ቮልስ ቸርኬ በአምስት ብሎን፣ የኋለኛዋ በአራት ነው የሚታሰረው፤ የፊት እግሩ አሠራርም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለተለወጠ ለአንዷ የሆነው ዲስክ ለሌላዋ አይሆንም። የኋላውን ሁሉ ዲስክ ላድርግ ማለት ግን ለእኔ ትርፉ አይታየኝም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ለጀርመን ገበያ ባወጣት ባለ 1500 ቮልስ የፊቱን ብቻ ዲስክ አድርጎ የኋላውን በታምቡር ተወው።

የላዳም ነገር ይህንኑ ያሳያል። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የነበረችው ላዳ የተቀዳችው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ፊያቱ አራቱም እግሩ ዲስክ ነበር። ሶቪየቶች በመጥፎ መንገድ ቢፈትኑት ጭቃና ጠጠር የኋላውን ዲስክ ቶሎ ፈጀው፤ ስለዚህ በታምቡር ለወጡት። የእኛም የክረምት መንገድ ከዚያ የሚሻል አይመስለኝም። ይባስ ብሎ፣ አሁን አዲስ አበባን የሞላው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ እግሩ ታምቡር ነው። ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩ ስለሆነ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ይዝጋል፣ ታምቡር ግን ክዳን አለው። «ጊዜው ያለፈበት» የሚለው ቃል እንግዲህ የት ላይ እንደሚቆም እንጃ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያለው ታምቡር ይታይ። የቮልስ ሸራ ሲበላ ራሱን አያስተካክልም፤ በየጊዜው በካቻቢቴ መቅረብ አለበት። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ብቻ ነው። ከፈላ ቱቦው በእንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ይታመቃልና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ አንዱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በየጋራዡ ታምቡር ሲከፈት ልጆች አቧራውን በአፋቸው እፍ ሲሉት፣ ወይም በኮምፕሬሰር ሲያስነሡት አይቻለሁ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በላስቲክ አስሮ መጣል ነው የሚበጀው። ከተማሪዎቻችን መካከል ነገ ጋራዥ የሚገቡ ስለሚኖሩ ይህን ከእኛ ቢሰሙት ጥሩ ነው።

ለክፍል ማሳያ መኪና አያስፈልግም። አንድ ብስክሌት ተገልብጦ ይቁም። አንድ ተማሪ ፔዳሉን በእጁ ያዙር፣ ሌላው የኋላውን ፍሬን ለዘብ አድርጎ ሁለት ደቂቃ ይያዝ። ከዚያ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲቆም የፍሬኑን ላስቲክና ቸርኬውን ይንኩ፤ የትኛው ይበልጥ እንደሞቀና ለምን እንደሆነ በደብተራቸው ይጻፉ።