ቅጠሉ ያማረ ቁጥቋጦ

በአሜሪካ አገር ብርድ ሊገባ ሲል የብዙ ተክል ቅጠል ይቀላል፤ ከዚያም ይረግፋል። የጃፓን ባርበሪ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው። ለዚህ ውበቱ ሲባል በ1875 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዘሩ ቦስተን ከተማ ገባ። ሰዎችም በየአጥሩ ተከሉት።

ታዲያ ምን ሆነ? ቀይ ፍሬውን ወፎች እየለቀሙ በየጫካው ዘሩት። እሾሁን ፈርቶ አጋዘን ስለማይበላው አገር በቀሉን ተክል ዋጠው። መዥገርም በሥሩ ተጠለለ። በ2021 የፔንስልቬንያ ግዛት እንዳይሸጥ ከለከለ። የኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ቅጠሉ የሚያምር፣ ዘር ግን የማይሰጥ አዲስ ዝርያ አወጡ።

በኛም አገር የወፍ ቆሎ ለአበባው ተብሎ ገብቶ የግጦሽ መሬት ወሯል። እንግዲህ ወገኖች፣ አዲስ ተክል ስናመጣ «ያምራል ወይ?» ብቻ አንበል። «ፍሬውን ማን ይበላዋል? የትስ ይጥለዋል?» ብለን እንጠይቅ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ ከአጥር አልፎ እርሻ የገባ ተክል አለ? ስሙን ጻፉ።