ዕቃው አጋሮ ሲደርስ ስንት ነው?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ቻይና ያለ ፋብሪካ የቡና መፈልፈያ ፕሮፎርማ ልኮልኛል። ዋጋው እዚህ ከሚሸጠው በግማሽ ያንሳል።

ነጋዴው፦ ፋብሪካው በር ላይ ነው ወይስ ጅቡቲ ድረስ?

ወጣቷ፦ እሱን አልጠየቅሁም።

ነጋዴው፦ እንግዲያው ዋጋውን ገና አላወቅሽም። ጉምሩክ የሚያሰላው ዕቃውን፣ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን ደምሮ ነው። ድምሩ 100 ሺህ ብር፣ ቀረጡ 10 በመቶ ነው እንበል፤ 110 ሺህ ሆነ። 15 በመቶው ቫት የሚታሰበው ከዚህ ከ110 ሺው ነው፤ 126,500 ደረስሽ። ሱር ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ ሌላ 10 በመቶ አለ። ከዚያ ትራንዚተሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ እስከ አጋሮ የሚመጣው መኪና። ሳታዢ ፕሮፎርማውን ለትራንዚተር አሳዪና በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚገባ ጠይቂ። ቁጥሩ ከተለወጠ ቀረጡም ይለወጣል።

ወጣቷ፦ ዶላሩንስ ባንክ ይሰጠኛል?

ነጋዴው፦ ድሮ ቢሆን ሳቅ ነበር መልሴ። ቡናውን በኪሳራ ልኮ፣ ባገኘው ዶላር ሸቀጥ አስመጥቶ ኪሳራውን የሚያወራርድ ላኪ ስንት ነበር! ላኪ ያልሆነው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ተለቀቀና ከባንክ ጋር በዋጋ መደራደር መጣ። ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ክፍያው ያልተዘጋለት ነጋዴ ያን ክረምት አይረሳውም። በዛሬው ምንዛሪ ብቻ አታስቢ።

ወጣቷ፦ ፋብሪካው ገንዘቡን አስቀድመሽ ላኪ ይላል።

ነጋዴው፦ ለማታውቂው ሰው? ኤልሲ ክፈቺ። ባንኩ የሚከፍለው የጭነቱ ሰነድ ተሟልቶ ሲቀርብ ነው። ልብ በይ ታዲያ፣ ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዝገት ቢታሸግም ሰነዱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሳይጫን የሚያይልሽ መርማሪ እዚያው ቅጠሪ።

ወጣቷ፦ መስከረም ላይ ባዝ ለቡናው ይደርስልኛል?

ነጋዴው፦ አይደርስም። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ጥር ላይ የገባ መፈልፈያ እስከሚቀጥለው ጥቅምት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ባንኩን፣ ፋብሪካውን፣ ባሕሩን፣ ጉምሩኩን ከጥቅምት ወደ ኋላ ቁጠሪ። እኔ ብሆን ከፋሲካ በፊት አዝዛለሁ።

ወጣቷ፦ ማሽኑ ራሱስ ያዋጣል ይላሉ?

ነጋዴው፦ እዚሁ አጋሮ አጠገብ ያለው ዱሮሚና ማኅበር በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካን የቡና ውድድር ሲያሸንፍ ውኃ ቆጣቢ የኮሎምቢያ ማሽን ነበረው። ማሽኑ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ቴክኖሰርቭ የሚባለው ድርጅት ባለሙያ ይዞ አብሯቸው ቆሟል። ያንቺ ማሽን ኅዳር ላይ ቺንጋው ቢበጠስ፣ እሸቱ ተከምሮ ሲሞቅ፣ ገበሬው የሚደውለው ለማን ነው?

ወጣቷ፦ ለእኔ… መለዋወጫ ደግሞ አላሰብኩም።

ነጋዴው፦ እኔማ ማሽኑን ትቼ በመለዋወጫው ነበር የምጀምረው። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የቡና እርጥበት መለኪያ። ቀላል ናቸው፣ በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ኮንቴይነር አይሞሉም። መለኪያውንም አትናቂው፤ ከ12 በመቶ በላይ የረጠበ ጀንፈል ገዝቶ የከሰረ ሰብሳቢ በየከተማው አለ።

ወጣቷ፦ የቱን ኩሽኔታ ላምጣ?

ነጋዴው፦ እኔን አትጠይቂኝ። ነገ እዚሁ አጋሮን፣ ከዚያ ሊሙን፣ ከዚያ ጌራን ዙሪና መካኒኮቹን ባለፈው ኅዳር ምን እንዳለቀባቸው ጠይቂ። አሮጌውን ኩሽኔታ ካልጣሉት ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ እሱን ገልብጠሽ አምጪልኝና ፕሮፎርማ አብረን እንጠይቃለን።