ከግቢ በላይ ስለሚበር ድሮን የቤት ባለቤት መብትና ግዴታ

በጥንት ዘመን የእንግሊዝ የሕግ ሊቃውንት፣ የመሬት ባለቤት የሆነ ሰው እስከ ሰማይ ድረስ ባለመብት ነው ይሉ ነበር። አይሮፕላን ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን ይህ አስተያየት ሊጸና አልቻለም። ሎርድ በርንስታይን ቤታቸው ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ስለ ተነሣ ከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ክሳቸውን አልተቀበለም፤ የባለቤት መብት ለመሬቱና ለቤቱ አገልግሎት እስከሚያስፈልገው ከፍታ ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ሆኖም ዳኛው፣ ቤትን ዘወትር ከአየር መሰለል ሊያስከስስ እንደሚችል ገልጸዋል።

የዩጋንዳ ሕግ አብዛኛው ከእንግሊዝ ሕግ የተወረሰ ስለ ሆነ፣ ይህ ፍርድ ለካምፓላ ነዋሪም ትምህርት ይሆናል። ከዚህም በላይ የ1995ቱ የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የቤትን ምስጢር ያስከብራል። ድሮን ለማብረርም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ድሮን በጓሮው ላይ ሲያንዣብብ ባለቤቱ ምን ያድርግ? በድንጋይ ወይም በጥይት ሊያወርደው አይገባም። መሣሪያው የሰው ንብረት ነውና፣ የሰባበረው ሰው ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል፤ ስብርባሪውም በጎረቤት ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይልቁንም ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ምስክር ይያዝ። የትንሽ ድሮን ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍምና፣ የተመለሰበትን አቅጣጫ ያስተዋለ ሰው አብራሪውን ለማወቅ ይቀርባል። ከዚያም ለሰፈሩ ሊቀ መንበር፣ ለፖሊስና ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያመልክት። አብራሪው ፈቃድ ቢያሳይ እንኳ አቤቱታው አይቀርም፤ ፈቃዱ ለመብረር እንጂ የሰውን መኝታ ቤት ለመመልከት አልተሰጠምና።