ጡረታ ከየት ይመጣል?

ጡረታ የሚለው ቃል ለገበሬ እንግዳ አይደለም። መጦር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ልጅ እናት አባቱን ይጦራል። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰውና ወታደር ግን ከልጆቹ ሌላ አንድ ጧሪ አለው። ያም ጧሪ ሕግና በጀት ነው። በዚህ ንባብ የምንማረው ይህ ጧሪ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ፣ ለማን እንደሚከፍልና ገበሬውን እንዴት እንደሚነካው ነው።

«እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ ይህ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ልጁ ወታደር የሆነበት ገበሬ ብዙ ነው። ሴት ልጁን ለአስተማሪ የዳረም ብዙ ነው። ደግሞም መንግሥት ለጡረታ የሚያዋጣው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ ከግብርና ከቀረጥ የሚገኝ ነው። በጨውና በሳሙና ላይ የምንከፍለው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለበት።

መሬት ጡረታ በነበረ ጊዜ

ድሮ መንግሥት ብዙ ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ላገለገለ ሰው የሚሰጠው መሬት ነበር። ማደሪያ የሚባለው መሬት በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ የሚሰጥ ነበር። ሰውየው እስካለ ወይም እስካገለገለ ድረስ ይበላበታል። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከወጣ በኋላም የንጉሡ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች በጋሻ እየለካ መሬት ሰጥቷል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር ይሆናል። ሁሉም አርበኛ ግን አላገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መሬቱ ባዶውን አይበላም። የሚያርሰው ጭሰኛው ነው። ጭሰኛው እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል እያለ ከምርቱ ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። እንግዲህ የዚያን ጊዜውን ጡረታ የከፈለው አንድ ገበሬ ከአንድ ጎተራ ነው ማለት ነው። ስሙ በበጀት መዝገብ አልተጻፈም፤ በጀቱ ግን እሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን ተብሎ ሲታወጅ ይህ ዓይነቱ ጡረታ ቀረ።

በገንዘብ የሚከፈለው ጡረታ ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ወጥቶ የመንግሥት ሠራተኞችና ወታደሮች የወር አበል የሚያገኙበትን ደንብ ወሰነ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት የተያዙ ድርጅቶች ሠራተኞችም ገቡበት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራቸውም።

መዋጮው

እድርን የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይረዳበታል። ጡረታም በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱ አሠሪውም ማዋጣቱ ነው።

በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ያዋጣ ነበር። በመቶ ማለት ከየ100 ብሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከ100 ብር 4 ብር ይቆረጥበታል። መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛው 6 በመቶ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 16 በመቶ ይጨምር ነበር። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ወጣና መዋጮው ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደረገ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመንግሥት ለሲቪሉ 11 በመቶ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ፤ የመዋጮው ልክ ግን እንዳለ ቀጠለ።

እስቲ በደብተራችሁ አስሉት። የወር ደመወዟ 4,000 ብር የሆነ አስተማሪ አለች እንበል። ከእሷ 280 ብር ይቆረጣል። መንግሥት 440 ብር ይጨምራል። በወር 720 ብር ወደ ጡረታ ቋት ገባ ማለት ነው። ደመወዙ ያው 4,000 ብር ለሆነ ወታደር ግን መንግሥት 1,000 ብር ይጨምራል፤ ከራሱ 280 ብር ጋር 1,280 ብር ይሆናል።

ለወታደሩ ለምን በዛ? ወታደር ከሲቪሉ ቀደም ብሎ ጡረታ ይወጣል። ሲቪሉ እስከ 60 ዓመቱ ይሠራል፤ ወታደሩ ግን እንደ ማዕረጉ ከዚያ በፊት ይሰናበታል። ስለዚህ ያዋጣበት ዘመን አጭር፣ የሚጦርበት ዘመን ረጅም ነው። ደግሞም ይቆስላል፤ ይሞታል።

አበሉ የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት ደመወዙ አማካይ ተወስዶ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ከ70 በመቶ ግን አያልፍም። ያቺ አስተማሪ 30 ዓመት አገልግላ፣ አማካይ ደመወዟም 4,000 ብር ቢሆን፣ 30 ላይ 25 ተጨምሮ 55 በመቶ ይሆናል። በወር 2,200 ብር ታገኛለች። ጡረታ ሙሉ ደመወዝ አይደለም።

በጀት ውስጥ የት አለ?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ከዚያ በፊት የፌዴራሉን በጀት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የክልሉን የክልሉ ምክር ቤት፣ የወረዳውን የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። መንገድና ድልድይ ሲሠራ ካፒታል ነው። ደመወዝ፣ ነዳጅና ወረቀት መደበኛ ነው። የጡረታ መዋጮም በመደበኛው ውስጥ ከደመወዙ ጎን ይጻፋል።

በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት 20 አስተማሪዎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 4,000 ብር ቢከፈላቸው፣ የዓመት ደመወዛቸው 960,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 105,600 ብር ለጡረታ መያዝ አለበት። ይህን ያልያዘ ወረዳ መዝገቡ ሞላ ቢልም ዕዳ አለበት። መክፈያው ሩቅ የሆነ ዕዳ ደግሞ ለመርሳት ቀላል ነው። ዛሬ የሚቀጠር የ25 ዓመት ወጣት አበሉን የሚጠይቀው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የዛሬው ሹም በቦታው የለም።

ጡረታን ለመክፈል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በየዓመቱ ከሚሰበሰበው ግብር እያነሱ መክፈል ነው። ይህ ዘንድሮ ያመረቱትን ዘንድሮ መብላት ነው። ሁለተኛው በጎተራ አስቀምጦ መክፈል ነው። የአገራችን ሕግ የያዘው ሁለተኛውን ነው። መዋጮው ለሲቪሉ አንድ፣ ለወታደርና ለፖሊስ ሌላ ሆኖ በሁለት ቋት ይጠራቀማል። ፈንድ ይሉታል። ከፈንዱ ገንዘብ ለሌላ ሥራ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክላል።

ጎተራ ግን ነቀዝ አለው። የገንዘብ ነቀዝ የዋጋ ንረት ነው። ፈንዱ ተከማችቶ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበት ነበር። መንግሥት ከፈንዱ ይበደራል፤ ወለድ ጨምሮ ይመልሳል። ወለዱ ግን ከዋጋው ንረት እጅግ ያነሰ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የአገራችን ዋጋ በዓመት ከ40 በመቶ በላይ፣ በ2022 ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ጨምሯል። ዋጋ 40 በመቶ ሲጨምር ባለፈው ዓመት በ1,000 ብር የተገዛው ዕቃ ዘንድሮ 1,400 ብር ይፈልጋል። ሁለት ኩንታል እህል አበድራችሁ አንድ ኩንታል ተኩል ቢመለስላችሁ ወለድ አገኘን ትላላችሁን? በእኛ አስተያየት የባለጡረታው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። አበሉ በቁጥር አልተነካም፤ ገበያ ሲወጣ ግን ጎድሏል። መንግሥት አንዳንድ ጊዜ አበሉን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ በሚደረግበት ዓመትም ገንዘቡ ታስቦ መያዝ አለበት።

ጦርነት ሲያልቅ የሚጀምር ወጪ

ብዙ ሰው ጦርነት ሲቆም ወጪውም የሚቆም ይመስለዋል። የጥይቱና የስንቁ ወጪ ይቀንሳል፤ የጡረታው ግን ገና ይጀምራል። የአሜሪካን ታሪክ እንመልከት። እዚያ የሰሜንና የደቡብ ወገኖች የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ነው። በ1893፣ ማለት ከ28 ዓመት በኋላ፣ ለዘማቾችና ለቤተሰቦቻቸው የሚከፈለው ጡረታ የፌዴራሉን መንግሥት ገቢ ከ40 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር። ቋት አልነበራቸውም፤ በየዓመቱ ከሚገባው ነበር የሚከፍሉት። የመጨረሻዋ ተጧሪ የአንድ ዘማች ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሸምግሎ የወለዳት ናት። በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም እየተቀበለች ኖራ በ2020 ሞተች። ጦርነቱ ካለቀ 155 ዓመት ሆኖት ነበር።

በእኛም አገር ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ የተመለመለው ወጣት የሚያገለግለው የሥልጠናውን 6 ወር ጨምሮ 30 ወር ነበር። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ነው። ለጡረታ 10 ዓመት ይፈለጋልና 30 ወር የወር አበል አያስገኝም፤ የሚያስገኘው አካል ከጎደለ ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። የቀድሞውን ሠራዊትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ገጠር የተመለሰው በአብዛኛው የተሰጠው ቀለብና የእርሻ መቋቋሚያ እንጂ የወር አበል አይደለም። መሬት የሰጠው፣ ያስጠጋው፣ በሬ ያቀናጀው የመንደሩ ገበሬ ነው። ይህ በማንኛውም በጀት ላይ አልተመዘገበም። በሰሜኑ ጦርነት የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ370,000 በላይ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ሥራው በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ተጀመረ።

መቋቋሚያና ጡረታ የተለያዩ ናቸው። መቋቋሚያ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያልቃል። ጡረታ መብት ነው፤ ሰውየው ቢሞትም ለተተኪዎቹ ይሻገራል።

ተተኪ ማን ነው?

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ላልሰሙትም አንብቡላቸው።

የትዳር ጓደኛ ሟቹ ያገኝ ከነበረው ወይም ሊያገኝ ከሚችለው አበል 50 በመቶ ያገኛል። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። በሟቹ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ እናትና አባት እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ፤ ሌላ ተተኪ ከሌለ 20 ይሆናል። የሁሉም ድምር ከሟቹ አበል አይበልጥም። ከበለጠ ከየድርሻው ይቀነሳል። በሥራ ላይ ወይም በግዳጅ ላይ ተጎድቶ ለሞተ ሰው 10 ዓመት አልሞላህም አይባልም። የደመወዙ 47 በመቶ ተይዞ ለተተኪዎቹ ይታሰባል።

እንግዲህ ልጇ በጦር ሜዳ የወደቀባት እናት መብት ሊኖራት ይችላል ማለት ነው። ብዙዎች ግን ይህን ባለማወቅ፣ የሚያውቁትም በወረቀት ጉዳይ ይቀራሉ። ትልቁ መሰናክል ስም ነው። አንዲት ሴት በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም፣ በቤት ስሟ የሺ ትባላለች። ባሏ ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ «የሺ» ብሎ አስመዘገበ። የቀበሌው መታወቂያ «ወለተ ማርያም» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሴት ናት ብሎ ይመልሳታል። እሷም ስንቅ ቋጥራ፣ ከተማ ለከተማ ተንከራታ፣ ተስፋ ቆርጣ ትቀመጣለች። ስለዚህ ሠራተኛ ወይም ወታደር የሆነ ልጅ ለፈቃድ ሲመጣ «በቅጽህ ላይ ማንን በምን ስም ጻፍህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደ እንደሆነ ቅጹን ማሳደስ አለበት። ጋብቻ፣ ልደትና ሞት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ይመዘገባል። ያስመዘገበ ሰው ምስክር ፍለጋ አይዞርም።

ገበሬው ራሱስ? ደመወዝ ስለሌለው በዚህ አዋጅ ውስጥ የለበትም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት በተያዙ ወረዳዎች መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል እርዳታ አለ፤ ነገር ግን እሱ በየጊዜው በሚገኝ ገንዘብ የሚሰጥ ነው እንጂ እንደ ጡረታ የተዋጣ ገንዘብ አይደለም። ለሌላው ጡረታ ግብር የሚከፍል ሰው ራሱ ጧሪው ልጁ ብቻ መሆኑ በየምክር ቤቱ መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ይህን ሒሳብ በደብተራችሁ ሥሩ። የወር ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ወታደር በግዳጅ ላይ ሞተ። ሚስት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችና ይጦራት የነበረች እናት አሉት። በመጀመሪያ የ5,000 ብርን 47 በመቶ አውጡ። ከዚያ የእያንዳንዱን ድርሻ አስሉና ደምሩ። ድምሩ ከ2,350 ብር በልጦ ካገኛችሁት ልክ ናችሁ። ትርፉ ስንት ብር እንደሆነና ከእናቲቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሚቀነስ ጻፉ።